ዳንቴል የለበሰው ቀይ ቁልፍ

ተረት ተረት ስላችሁ «የሲሊንደር በረት» በሉኝ። የዛሬዋ ተረት ላም የላትም፣ በረቷ ግን ጢም ብሎ ሞልቷል። እናንተ ጆሯችሁን ስጡኝ እንጂ መንዳቱን እኔ እችልበታለሁ።

ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ጨፌ ሜዳ በሚባል ቦታ፣ አንድ የጋዝ ፋብሪካ ነበረ። በያጆች ብረት የሚበይዱበትን ጋዝ ይሠራል፣ በሲሊንደር ይሞላል፣ ለአገር ምድሩ ይልካል። ትልቅ ፋብሪካ ነው፣ ኩሩም ነው። ከበሩ ጥበቃ እስከ ላይኛው ቢሮ ድረስ ኩራት የሌለው ሰው አይቀጠርበትም ብትሉ ማጋነን አይሆንባችሁም። ከኩሩዎቹ ሁሉ ኩሩዋ ደግሞ የሺፍት መሪዋ ትርንጎ ነበረች።

ትርንጎ የምትመራው ሙሌት ክፍሉን ነው፤ ሲሊንደር የሚሞላበትን አዳራሽ ማለት ነው። በስሯ አሥራ አንድ ሠራተኞች አሏት። ጠዋት ሲገቡ በሩ ላይ ቆማ ትቆጥራቸዋለች፣ አሥራ አንድ። አመሻሽ ላይ ሲወጡ በሩ ላይ ቆማ ትቆጥራቸዋለች፣ አሥራ አንድ። ሰባት ዓመት ሙሉ ቆጠራዋ አንድም ቀን ጎድሎ አያውቅም። ብትኮራ ማን ይፈርድባታል? ያ ጋዝ እኮ አምልጦ እሳት ያገኘ ዕለት እንኳን ሰው ጣራም አይተርፍም።

ለዚያ ለክፉ ቀን ተብሎ በሙሌት ክፍሉ ግድግዳ ላይ፣ ከበሩ አጠገብ፣ እንጉዳይ የመሰለ አንድ ቀይ ቁልፍ ተተክሏል። በወረቀት ላይ ስሙ ረጅም ነው፣ የአደጋ ጊዜ ምናምን ይባላል፤ ሠራተኛው ግን «ቀዩ» ብሎ ነው የሚጠራው። ቀዩን አንዴ ከተጫኑት ጋዙን የሚገፋው ኮምፕሬሰር ይቆማል፣ ቧንቧው በየአቅጣጫው ይዘጋል፣ ደወሉ ይጮሃል፣ የግቢው ሰው ሁሉ ያለውን ጥሎ ከግራሩ ስር ወዳለው መሰብሰቢያ ይወጣል። አንድ ምት፣ በቃ። ታዲያ ይህ ሁሉ ነገር በእጁ ያለ ቁልፍ ለዓይን አይታይም ነበር። ለምን አትሉኝም? ዳንቴል ለብሷላ!

ነገሩ እንዲህ ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ አስካለ እጃቸው የተባረከ ነው። ቴሌቪዥን ካዩ ዳንቴል ያለብሱታል፣ ስልክ ካዩ ዳንቴል ያለብሱታል፣ የጸሐፊዋ የጽሕፈት መኪና እንኳ ሳይቀር በእሳቸው ደግነት ለብሶ ነው የሚያድረው። ፋብሪካው አሥራ አምስተኛ ዓመቱን ሲያከብር እንግዳ ይመጣል ተባለ። እትዬ አስካለ ሙሌት ክፍሉን ሲወለውሉ ቀዩን አዩት፤ የቤቱን ሁሉ ነፍስ የያዘ ነገር ራቁቱን ቆሞ አቧራ ሲጠጣ አንጀታቸው አልቻለም። በኪሮሽ ነጭ ዳንቴል ሠሩለት፣ አበባ በአበባ አደረጉት፣ በስኳር ውሃ ነክረው አደረቁት። ቀጥ ብሎ በቆመ ጊዜ ከላዩ ደፉበትና በክር ሸብ አደረጉት። እንግዶቹ አደነቁ። ንብረት ክፍል ደግሞ እንዲህ ያማረ ነገር ሳይመዘገብ እንዴት ይቀመጣል ብሎ የቆርቆሮ ቁጥር ሰፋበት፣ ዳንቴሉም ከዚያ ቀን ጀምሮ የፋብሪካው ንብረት ሆነ።

ትርንጎ አንድ ጊዜ በገዛ እጇ አንስታው ነበር። በማግስቱ ታጥቦ፣ እንደገና በስኳር ውሃ ተነክሮ፣ ክሩም ከድሮው ጠብቆ ተመለሰ። እሷም «በንብረት ላይ ያለ ፈቃድ እጅ ማሳረፍ» የሚል ማስጠንቀቂያ ደረሳት። እንዲህ እንዲህ እያለ አራት ዓመት አለፈ፣ ሰው ሁሉ ለመደው።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሙክታር የሚባል ሰው ጡረታ በወጣ ሠራተኛ ቦታ አዲስ ተቀጥሮ፣ አሥራ አንደኛ ሆኖ ሙሌት ክፍል ገባ። አዲስ ይባል እንጂ ጎልማሳ ነው፣ ሌላ ቦታ ስምንት ዓመት ጋዝ ሲሞላ ኖሯል። ገና እንደገባ ግድግዳውን ዞር ዞር ብሎ ቃኘና ቀያችሁ የታለ ብሎ ጠየቀ። ትርንጎ በጣቷ አሳየችው። ሙክታር አየ፣ ደግሞ አየ፣ ከዚያ ሊስቅ አለና ተወው።

«ያ አበባ ነው?» አለ።

ትርንጎ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ሰባት ዓመት የኮራችበት ክፍል፣ አንድ እንግዳ በአንድ ቃል አዋረደው። ደግሞ እውነቱን ነው። አሥራ አንዱን ሰው አየቻቸው፤ ሲሊንደር ያንከባልላሉ፣ የጋዝ ማስተላለፊያ ጎማ ይገጥማሉ፣ ይቀላለዳሉ። ነገር ቢመጣ እነዚህ ሰዎች የሚያዩት አበባ ነው። ዛሬ ይህ ዳንቴል በወጉ፣ በሕጉ፣ በፈቃድ ሳይነሳ ወደ ቤቴ ብሄድ ስሜ ትርንጎ አይደለም አለችና ወጣች። የፈለገችው ይህችን ብቻ ነበር።

መጀመሪያ የሄደችው እትዬ አስካለ ዘንድ ነው። ኮሪደር ሲወለውሉ አገኘቻቸው። ሰላምታው ረዘመ፤ ልጆቹ፣ ጤናው፣ የእትዬ አስካለ ወገብ፣ ሁሉም ተጠየቀ። ከዚያ ትርንጎ በለሰለሰ አፍ ዳንቴሉ ማማሩን፣ እጃቸው መባረኩን፣ ግን ከቀዩ ላይ ቢነሳላት ምን ያህል ደስ እንደሚላት ነገረቻቸው። እትዬ አስካለ መወልወያቸውን አስደግፈው ቀና አሉ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዓይናቸውን እንዳፈጠጡበት፣ እንግዶቹም ያን ሁሉ ማሽን ትተው ፎቶ ያነሱት እሱን እንደሆነ አስታወሷት። ቢሆንም ለአንቺ ስል አነሳው ነበር አሏት፤ ግን ቁጥር ተሰፍቶበታል፣ ቁጥር ያለው ነገር ደግሞ የእኔ አይደለም፣ አቶ ድንበሩ ቁጥሩን ካልሰረዙ ጣቴን አላሳርፍበትም። እትዬ አስካለ ዳንቴሉን አላነሳ አሉ፣ ቀዩም እንደተሸፈነ ቀረ፣ አሥራ አንዱ ሰው እዚያው አጠገቡ ጋዝ ይሞላል።

ትርንጎ ወደ ንብረት ክፍል ሄደች። አቶ ድንበሩ የንብረት መዝጋቢ ናቸው፤ እሳቸው ባሉበት ግቢ ሚስማር እንኳ ያለ ቁጥር አይቆምም። ወንበራቸው ቁጥር አለው፣ ብርጭቋቸው ቁጥር አለው፣ በመስኮቱ የምትገባዋን ድመት ብቻ ነው ያልደረሱባት። ትርንጎ ችግሩን ስታስረዳ መዝገቡን ገለጡ፣ ዳንቴሉን በአንድ ትንፋሽ አገኙት፣ በኩራትም አሳዩዋት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከዚህ መዝገብ ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ ሳይመጣ የተሰረዘ ነገር የለም፣ ወደፊትም አይኖርም ብለው መልሰው ከደኑት። አቶ ድንበሩ ቁጥሩን አልሰርዝ አሉ፣ እትዬ አስካለ ዳንቴሉን አላነሳ አሉ፣ ቀዩም እንደተሸፈነ ቀረ፣ አሥራ አንዱ ሰው እዚያው አጠገቡ ጋዝ ይሞላል።

ትርንጎ ወደ ጸሐፊዋ ሄደች። ጸሐፊዋ ፀዳለ የማህተሙ ጠባቂ ናት። ማህተሙን በቦርሳዋ ይዛ ምሳ ትበላለች፣ በቦርሳዋ ይዛ ጸጉሯን ትሠራለች፤ ሰርግ ሄዳ እንኳ ቦርሳውን ታቅፋ ነው የጨፈረችው ይባላል። የትርንጎን ነገር ሰምታ አዘነች፣ እውነትም ሊነሳ ይገባዋል አለች፣ ወዲያውም ጣቷን አፍታታና «ጉዳዩ፦ ዳንቴል ስለማንሳት» የሚል ደብዳቤ እንዳንቺ ያለ የለም በሚያሰኝ ፍጥነት ጻፈችላት። ማህተሙ ላይ ግን ቆመች። ፊርማ የሌለበት ወረቀት ማህተሜን ነክቶት አያውቅም፣ ኢንጂነር ገመቹ ሲፈርምበት አምጪው አለቻት። ፀዳለ ማህተም አልመታ አለች፣ አቶ ድንበሩ ቁጥሩን አልሰርዝ አሉ፣ እትዬ አስካለ ዳንቴሉን አላነሳ አሉ፣ ቀዩም እንደተሸፈነ ቀረ፣ አሥራ አንዱ ሰው እዚያው አጠገቡ ጋዝ ይሞላል።

ትርንጎ ደብዳቤዋን ይዛ ወደ ቴክኒክ ክፍል ሄደች። ፀሐይዋ ከረር ማለት ጀምራለች፣ የትርንጎም ትዕግሥት እንደዚያው። ኢንጂነር ገመቹ የቴክኒክ ኃላፊ ነው፤ ኮምፕሬሰሩ ሲያስነጥስ ከቤቱ ሆኖ ይሰማል የሚባልለት ሰው ነው። ደብዳቤውን አነበበ፣ ሁለት ጊዜ ራሱን ነቀነቀ፣ እኔም ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር ይከነክነኝ ነበር ብሎ አመነላት። ትርንጎ ልቧ ሞቅ አለ። እሱ እስክሪብቶውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው። የደህንነት ጉዳይ የደህንነት ኮሚቴው ነው፣ ኮሚቴው ሳይወስን እኔ ብቻዬን ፈርሜ አላውቅም፣ ከአቶ ወልደሰንበት ቃለ ጉባኤ አምጪልኝ አለ። ኢንጂነር ገመቹ አልፈርም አለ፣ ፀዳለ ማህተም አልመታ አለች፣ አቶ ድንበሩ ቁጥሩን አልሰርዝ አሉ፣ እትዬ አስካለ ዳንቴሉን አላነሳ አሉ፣ ቀዩም እንደተሸፈነ ቀረ፣ አሥራ አንዱ ሰው እዚያው አጠገቡ ጋዝ ይሞላል።

ሰለቻችሁ እንዴ? ትርንጎን አልሰለቻትም፣ እናንተ ቁጭ ብላችሁ ነው የምትሰሙት። እሷ በእግሯ ነው የምትሄደው፤ ከሕንፃ ሕንፃ፣ ከደረጃ ደረጃ። በመሐል በሙሌት ክፍሉ መስኮት አንገቷን ብቅ አድርጋ ሰዎቿን ታያለች፣ ሁሉም ደህና ናቸው፣ ሙክታር ሦስተኛው መደዳ ላይ ተመድቧል። ደህና መሆናቸው ደስ አላት፣ አበባው ግን ከግድግዳው ላይ ያያት መሰላት። ጥርሷን ነክሳ መንገዷን ቀጠለች።

አቶ ወልደሰንበት የስምሪት ኃላፊ ናቸው፣ የደህንነት ኮሚቴውም ሰብሳቢ እሳቸው ናቸው። የእጅ ጽሑፋቸው የታወቀ ነው፤ ቃለ ጉባኤያቸውን ያየ ሰው የሠርግ ጥሪ ነው ብሎ ይሳሳታል። ችግሩ ጽሑፉ አይደለም፣ ሰው ነው። ኮሚቴው አምስት አባል አለው፦ እሳቸው፣ ኢንጂነር ገመቹ፣ ፀዳለ፣ አቶ ድንበሩና የጥበቃው ሃምሳ አለቃ ጣሰው። ሃምሳ አለቃው ደግሞ ለስብሰባ መጥተው አያውቁም፣ እሳቸው ካልመጡ አምስት አይሞላም፣ አምስት ካልሞላ የአቶ ወልደሰንበት ብዕር አይንቀሳቀስም። የአራት ዓመቱን ባዶ መዝገብ ገልጠው አሳዩዋት፣ ንጹህነቱን ተመልከቺ ብለው። አቶ ወልደሰንበት ቃለ ጉባኤ አልጽፍ አሉ፣ ኢንጂነር ገመቹ አልፈርም አለ፣ ፀዳለ ማህተም አልመታ አለች፣ አቶ ድንበሩ ቁጥሩን አልሰርዝ አሉ፣ እትዬ አስካለ ዳንቴሉን አላነሳ አሉ፣ ቀዩም እንደተሸፈነ ቀረ፣ አሥራ አንዱ ሰው እዚያው አጠገቡ ጋዝ ይሞላል።

ትርንጎ ወደ ዋናው በር ወረደች። ሃምሳ አለቃ ጣሰው እንደ ልማዳቸው ደረታቸውን ነፍተው ቆመዋል። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ፀጉራቸው ነጥቷል እንጂ አቋማቸው ወይ ፍንክች። ምሳቸው እበሩ ይመጣላቸዋል፣ ደመወዛቸውን እንኳ በሩ ላይ ሆነው ነው የሚፈርሙት። ትርንጎ አባባ ብላ ጀመረችና ለግማሽ ሰዓት፣ ኧረ ለሩብ ሰዓት፣ ስብሰባ ቢገቡላት ለመነቻቸው። ሃምሳ አለቃው በጥሞና አዳመጧት፤ ትርንጎን ይወዷታል፣ እሷም ሥራዋን እንደሳቸው የምታከብር ሰው ናት ብለው ያምናሉ። ሲያበቃ በጥበቃ ቤቷ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ያረጀ ትዕዛዝ ጠቆሟት።

«አንብቢው ልጄ» አሏት። «ጥበቃ ከበር የሚነቃነቀው የአደጋ ደወል ሲጮህ ብቻ ነው ይላል። ደወሉ ይጩህ እንጂ እኔ ሳልጠራም እመጣለሁ።»

እንግዲህ አብራችሁኝ በሉ፣ ትንፋሻችሁን ሰብስቡ። ሃምሳ አለቃ ጣሰው ከበር ንቅንቅ አልል አሉ፣ አቶ ወልደሰንበት ቃለ ጉባኤ አልጽፍ አሉ፣ ኢንጂነር ገመቹ አልፈርም አለ፣ ፀዳለ ማህተም አልመታ አለች፣ አቶ ድንበሩ ቁጥሩን አልሰርዝ አሉ፣ እትዬ አስካለ ዳንቴሉን አላነሳ አሉ፣ ቀዩም እንደተሸፈነ ቀረ፣ አሥራ አንዱ ሰው እዚያው አጠገቡ ጋዝ ይሞላል።

የቀረ ደወሉ ብቻ ነው። ደወሉ ከሙሌት ክፍሉ በር በላይ፣ ከጣራው ስር ተሰቅሏል፤ አፉን የከፈተ ግራጫ ጡሩምባ ነው። ትርንጎ ከስሩ ቆማ ሽቅብ አንጋጠጠች። አንተስ ምን ትላለህ አለችው። ደወል አፍ የለውም አትበሉኝ፣ ለሰባት ዓመት ጎረቤቱ አፍ አለው፣ መልሱንም ከሱ በፊት እሷ ታውቀዋለች። ቀዩ ካልተጫነ አልጮህም፣ ለዚህ ነው የተፈጠርኩት፣ ያለ እሱ ጮኬ አላውቅም አላት። ቀዩስ? ቀዩማ ዳንቴሉ ሳይነሳ ማን ያየኛል፣ ማንስ ይጫነኛል አላት።

ትርንጎ መጀመሪያ ሳቀች፣ ብቻዋን፣ በቀን ብርሃን። ከዚያ ከጠዋት ጀምሮ የሰማችውን በጣቷ ቆጠረች። ደወሉ አልጮህ አለ፣ ሃምሳ አለቃ ጣሰው ከበር ንቅንቅ አልል አሉ፣ አቶ ወልደሰንበት ቃለ ጉባኤ አልጽፍ አሉ፣ ኢንጂነር ገመቹ አልፈርም አለ፣ ፀዳለ ማህተም አልመታ አለች፣ አቶ ድንበሩ ቁጥሩን አልሰርዝ አሉ፣ እትዬ አስካለ ዳንቴሉን አላነሳ አሉ፣ ዳንቴሉ ካልተነሳ ደግሞ ደወሉ አልጮህ አለ። ጠዋት የጀመረችው መንገድ ዞሮ ዞሮ የራሷ በር ላይ ጥሏታል። ሁሉም ሥራቸውን የሚያከብሩ ሰዎች ናቸው፣ አንዳቸውም አልዋሿት፣ አንዳቸውም አልሰደቧት። እንባዋ መጣ፣ የንዴት እንባ።

እንባዋን ሳትጠርግ ነው ከውስጥ ሽሽሽ የሚለውን የሰማችው።

ያን ድምፅ የሙያው ሰው አይስተውም። ከድምፁ ኋላ ሽታው መጣ፤ የሚያመልጥ ጋዝ ነጭ ሽንኩርት ነው የሚሸተው። ሦስተኛው መደዳ ላይ አንድ ጎማ ከመገጣጠሚያው ተተርትሮ ጋዙን በአዳራሹ ይረጫል፣ ኮምፕሬሰሩም ምንም እንዳልተፈጠረ መግፋቱን ቀጥሏል። አንዲት ብልጭታ ብቻ ነው የምትቀረው። ሙክታር ስምንት ዓመት የለመደውን አደረገ፣ ቀዩን ፍለጋ ወደ ግድግዳው ሮጠ። ጠዋት ያየውን ነገር ድንጋጤ ከጭንቅላቱ አጥቦበታል። ዓይኑ ቀይ ይፈልጋል፣ ግድግዳው ላይ ያለው ነጭ ነው። መዳፉ በዳንቴሉ ላይ አለፈ፣ ቀይ የለም፣ ወደ ማዶው ግድግዳ ዞሮ ሮጠ። ትርንጎ ይህን ሁሉ በሩ ላይ ሆና በዓይኗ በብረቱ አየች።

ከበሩ እስከ ቀዩ ሁለት እርምጃ ነበር። ውጡ ብላ አዘዘች፣ መዳፏን ዳንቴሉ ላይ አሳርፋ ገፋች። ምንም። የእትዬ አስካለ ስኳር ድንጋይ ሆኗል፣ ከቀዩ ሳያደርስ ቀጥ አድርጎ ያዛት። ክሩን ሳበችው፣ ጥብቅ ነው። ደግማ ገፋች። ምንም። ያን ጊዜ ማስጠንቀቂያው ትዝ አላላትም፣ መዝገቡም ትዝ አላላትም፣ አሥራ አንድ የሚለው ቁጥር ብቻ ነበር በልቧ ያለው። እጇን ጨበጠችና ባላት ጉልበት ሁሉ በቡጢ አሳረፈችበት። ስኳሩ ቀጭ ብሎ ተሰበረ፣ የቆርቆሮው ቁጥር ጣቷን ቀደደው፣ ቀዩም ወደ ውስጥ ገባ።

ኮምፕሬሰሩ ቀጥ አለ። ቧንቧው ጧ ጧ እያለ በየአቅጣጫው ተዘጋ። ሽሽሽ የሚለው ድምፅ ሳሳ፣ ከሳ፣ ጠፋ። ትርንጎ ደም በሚያፈሰው እጇ በሩን ደግፋ ቆጠረች፤ ዘጠኝ፣ አሥር፣ በመጨረሻም ሙክታር፣ አሥራ አንድ። ከበላያቸው ደግሞ ደወሉ አራት ዓመት የታፈነበትን ሁሉ ጮኸው።

ኧረ እንዴት ጮኸ! ደወሉ ጮኸና ሃምሳ አለቃ ጣሰው ከበር ተነቃነቁ፣ በወታደር እርምጃ ግቢውን አቋርጠው ከግራሩ ስር ቆሙ። ፀዳለ ቦርሳዋን ታቅፋ ወጣች። አቶ ድንበሩ መዝገባቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ወጡ፣ አቶ ወልደሰንበት ቃለ ጉባኤያቸውን ይዘው ወጡ። እሳት ቢነሳ እንኳ እነዚህን ነገሮች ጥለው የሚወጡ ሰዎች አይደሉማ። ኢንጂነር ገመቹ የጋዝ መለኪያውን ይዞ ወደ አዳራሹ ገባ፣ ቆየ፣ ሁሉም መዘጋቱን፣ አየሩም መጥራቱን አረጋግጦ ወጣ። ወደ ግራሩ ሲመጣ የትርንጎን እጅ አየ፣ የሆነውን ከሙክታር አፍ ሰማ፣ ፊቱ አመድ ሆነ።

መጀመሪያ አፍ የከፈቱት አቶ ወልደሰንበት ናቸው። ከግራሩ ስር የቆመውን ሰው በዓይናቸው ዞሩት። ራሳቸውን፣ ኢንጂነሩን፣ ፀዳለን፣ አቶ ድንበሩን፣ ሃምሳ አለቃውን።

«ሞልተናል» አሉ፣ መዝገባቸውን እየገለጡ።

ደወሉ ቢጮህ ሃምሳ አለቃ መጡ። ሃምሳ አለቃ ቢመጡ አምስቱ ሞሉ፣ አቶ ወልደሰንበትም የሙክታርን ጀርባ ጠረጴዛ አድርገው፣ የሠርግ ጥሪ በማይመስል ጽሑፍ፣ ቃለ ጉባኤውን ጻፉ። ቃለ ጉባኤው ቢጻፍ ኢንጂነር ገመቹ ትርንጎ ይዛው ስትዞር በዋለችው ደብዳቤ ላይ ፈረመ፤ ሲፈርም ሳይጠየቅ ይህን ፊርማ ጠዋት መፈረም ነበረብኝ አለ። ፊርማው ቢያርፍ ፀዳለ ቦርሳዋን ከፈተች፣ ማህተሙን እፍ ብላበት፣ ደብዳቤውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ መታችው። ማህተሙ ቢመታ አቶ ድንበሩ መዝገባቸውን ገልጠው አራት ዓመት ያልተነካውን ቁጥር በአንድ መስመር ሰረዙ። የአራት ዓመት መንገድ በአሥር ደቂቃ አለቀ። የቀረው እትዬ አስካለ ብቻ ናቸው።

እትዬ አስካለ ከሰው ራቅ ብለው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። ማንም አልጠራቸውም፣ ሁሉም ግን ያያቸዋል። ትርንጎ ሄዳ ክንዳቸውን ያዘች። ዳንቴሉን ራሷ ልትቦጭቀው ትችል ነበር፣ ከዚህ በኋላ ማን ይናገራታል? ግን የእርስዎ እጅ ነው ያለበሰው፣ የእርስዎ እጅ ያውልቀው አለቻቸው። አብረው ገቡ፣ የግቢው ሰው ሁሉ ከኋላ ተከተላቸው።

እትዬ አስካለ ክሩን ፈቱ። የተሰባበረው ዳንቴል መዳፋቸው ላይ ወደቀ፣ የስኳሩ ፍርፋሪ ወለሉ ላይ ተበተነ። ቀዩ ብቅ አለ። አንዳንዱ ሠራተኛ ያየው የመጀመሪያ ጊዜው ነበር።

«እኔ ያከበርኩት መስሎኝ» አሉ እትዬ አስካለ፣ «ደብቄው ኖሬያለሁ።»

«እርስዎስ አከበሩት» አለች ትርንጎ። «ቁጥር የሰፋንበት እኛ ነን።»

አቶ ድንበሩ አንገታቸውን ደፉ። ደፍተው አልቀሩም፤ ከኪሳቸው መሐረብ አውጥተው የትርንጎን ጣት አሰሩላት፣ መሐረቡ ቁጥር የለውም ብለውም አጽናኗት። ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሳቀ፣ እትዬ አስካለም ሳቁ፣ ከሳቁ መሐል እንባቸውን ጠረጉ።

ከዚያ እትዬ አስካለ የሽርጣቸውን ጫፍ ይዘው ቀዩን ዙሪያውን በቀስታ ወለወሉት። አራት ዓመት ታፍኖ የኖረው ቀይ ወለል ብሎ ከአዳራሹ ማዶ ጥግ ይታይ ጀመር። ዞር አሉና ሙክታርን በእጃቸው ጠሩት። ሙክታር መጣ። ሌሎቹ አሥሩም መጡ። ሃምሳ አለቃው፣ ኢንጂነሩ፣ ፀዳለ፣ ሁሉም ተጠጉ። እትዬ አስካለ ዳንቴሉን የሠሩ ቀን እንኳ እንደዚያ ቀጥ ብለው አልቆሙም።

«ቀያችን ይኸውላችሁ» አሉ።

ተረቴ እዚህ ላይ ቆመች። ማን አስቆማት ብትሉኝ፣ ግድግዳው ላይ ነው፣ ከየትም ሆናችሁ ታዩታላችሁ።